አንዱ እምቢ ካለ

ከሄሊኮፕተር ላይ ፎቶ ማንሳት አየር ላይ የሚጀመር ሥራ ይመስላል። ሥራው ግን በአብዛኛው የሚያልቀው ገና መሬት ላይ ሳለን ነው። አብራሪው ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ክብደቴን ነው፤ ከዚያ የቦርሳዬን፣ የካሜራውን፣ የሌንሱን። እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ብዙ ጊዜ የምንበርባት ሮቢንሰን አር 44 አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ናት። አንድ ተጨማሪ ሰው ወይም የሞላ ታንክ ስሌቱን ሁሉ ይለውጠዋል። ይሉኝታ ይዞን ኪሏችንን ቀንሰን የምንናገር ከሆነ፣ እዚህ ላይ ልንተወው ይገባል። የእኛ አገር ሰማይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኮሎምበስ ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩም ክንፉም አቅም ያጣሉ። በደጋ አገር የሚያበሩ አብራሪዎችን የማከብረው ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ ኪስ ይራገፋል። ስልክ፣ ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ የሌንስ ክዳን፣ ሁሉም ይወጣል። በሩ ተነቅሎ ሲበረር ነፋስ ከእጅ የነጠቀው ዕቃ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፤ ኋላ ያለው ደግሞ የጅራቷ ተሽከርካሪ ክንፍ ነው። እርሱ ከተመታ አብራሪው ሄሊኮፕተሯን ቀጥ አድርጎ የሚይዝበት አቅም ያጣል። ስለዚህ አየር ላይ ሌንስ አልቀይርም፤ ሁለት ካሜራ ይዤ ሁለቱንም በማንገቻ አስራለሁ። በአር 44 አብራሪው የሚቀመጠው በቀኝ በኩል በመሆኑ እኔም ከጀርባው በቀኝ እቀመጣለሁ። እኔ የማየውን እርሱም ያያል፤ በሄድሴት ብዙ ማውራት አያስፈልገንም። ዝም ያለ ሬዲዮ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጆን ግሌን አየር ማረፊያ ተቆጣጣሪዎች ጋር የሚነጋገረው በዚያው ጆሮው ነውና።

ፎቶ ሳነሳ ክንዴን በሩ ጠርዝ ላይ አላሳርፍም። ንዝረቱ ከብረቱ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ ካሜራው ይገባል። የሻተሩን ፍጥነት ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ አላወርድም። ደንበኞች ሄሊኮፕተሯ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብላ እንድትቆምላቸው ይፈልጋሉ፤ በተለይ ዝቅ ብላ። ሞተር ቢጠፋ ግን አብራሪውን በሰላም የሚያወርደው ወይ ከፍታ ነው ወይ ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት። ዝቅ ብሎ ቀጥ ማለት ሁለቱንም ያሳጣዋል። ጥሩ አብራሪ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ቀስ ብሎ ያልፍልኛል፤ ካልበቃኝ ዞሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሜይን ስትሪት አጠገብ የነበረው ግድብ ፈርሶ የሳዮቶ ወንዝ ሲጠብና ዳርቻው በ2015 መናፈሻ ሲሆን የታየው ለውጥ በአንድ ክፈፍ የሚገባው እንዲህ ባለ ዙር ነው።

በበሩ እንዳልወድቅ የምታሰርበት ማሰሪያ ላይ ግን ከማንም ጋር አልደራደርም። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2018 ምሽት፣ ፎቶ የሚያነሱ ተሳፋሪዎችን ይዛ በሯን ከፍታ የምትበር ሄሊኮፕተር ኒው ዮርክ ኢስት ሪቨር ላይ ወደቀች። አብራሪው ተረፈ፤ አምስቱ ተሳፋሪዎች ሰጠሙ። ተሳፋሪዎቹ እንዳይወድቁ ተብሎ በጀርባቸው በኩል በገመድ ታስረው ነበር። የአንዱ ገመድ ወለሉ ላይ ያለውን የነዳጅ መዝጊያ ያዘውና ሞተሩ ጠፋ። ሄሊኮፕተሯ ውኃው ላይ ስትገለበጥ ያው ማሰሪያ ሰዎቹን ውስጥ አስቀራቸው። መቁረጫ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ግን እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ተዘቅዝቆ ከጀርባ ያለ ገመድ ማን ይቆርጣል? የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በዚያው ወር በቶሎ የማይፈታ ተጨማሪ ማሰሪያ አድርጎ በር ከፍቶ መብረርን አገደ። ዜናውን የሰማን ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የየራሳችንን ማሰሪያ አውጥተን የተመለከትን ይመስለኛል።

ለእኛ ለኦሃዮ ሰዎች የሚቀርበው አደጋ ግን የመጣው በዓመቱ ነው። ጃንዋሪ 29 ቀን 2019 ጠዋት፣ ከኮሎምበስ ደቡብ ምዕራብ ከግሮቭ ሲቲ የተነሳች የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ፖመሮይ የሚገኝ ታካሚ ልታመጣ ስትበር በቪንተን ካውንቲ በዛለስኪ አካባቢ ተከሰከሰች። አብራሪዋ፣ የበረራ ነርስና ፓራሜዲክ፣ ሦስቱም ሞቱ። መንገዱ ላይ በረዶ ይጥል ነበር። ያንን ጥሪ ቀድመው የሰሙ ሁለት ሌሎች ድርጅቶች በአየሩ ምክንያት እምቢ ብለዋል። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2020 ባወጣው ውሳኔ ዋናውን ጥፋት ያየው በድርጅቱ የደህንነት አመራር ላይ ነው፤ የአደጋ ግምት ሳይሠሩና አየሩን በቅጡ ሳይመረምሩ መነሳት የተለመደ ሆኖ ነበር።

የአየር አምቡላንስ ሠራተኞች ለመሄድ ሦስት፣ ለመቅረት አንድ የሚሉት ሕግ አላቸው። ሦስቱም ካልተስማሙ አይነሱም፤ አንዱ እምቢ ካለ፣ ትናንት የተቀጠረውም ቢሆን፣ በረራው ይቀራል። ሌላም የማደንቀው ልማድ አላቸው። አብራሪው አየሩን መርምሮ እስኪወስን ድረስ የታካሚው ሁኔታ አይነገረውም። ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ በጭንቅ ላይ ያለች እናት ትሁን አያውቅም። ርኅራኄው ከደመናው ከፍታ ጋር እንዳይደባለቅበት ነው።

ይህን ልማድ ወደ ራሴ ሥራ አምጥቼዋለሁ። ፎቶው ለመቼ እንደሚፈለግ፣ ደንበኛው ስንት እንደሚከፍል፣ ማን እንደተቆጣ ለአብራሪው አልነግረውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ዛሬ ትበራለህ?" እምቢ ካለ ሌላ አብራሪ ጋ አልደውልም። ይህ ገንዘብ ያሳጣል። ለልጃቸው ሠርግ ኮሎምበስን ከላይ አንሳልን ያሉኝ አንድ አባት "ልጄ፣ ደመናው እኮ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሌላ ሰው አታውቅም ወይ?" ብለውኛል። "አባቴ፣ የሚያውቀው እምቢ ብሏል" አልኳቸው። ስልኩን በብስጭት ዘጉ። ሠርጉም ያለዚያ ፎቶ አለፈ።

አንዳንዱ እምቢታ ደግሞ የአብራሪው አይደለም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ስታዲየም ሲጫወት፣ ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ካበቃ አንድ ሰዓት እስኪያልፍ፣ በዙሪያው 3 የባሕር ማይል እስከ 3,000 ጫማ ከፍታ ድረስ ያለ ፈቃድ አይገባም። የሞላው ስታዲየም ፎቶ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ!

አሁን ብዙውን ሥራ ድሮን ወስዶታል፤ ለጣሪያና ለመኖሪያ ቤት 400 ጫማ ይበቃል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። በዚህ አልከፋም፤ ዝቅ ብሎ ቀጥ ማለትን ሰው የሌለበት መሣሪያ ቢሠራው ይሻላል። ለእኛ የቀረልን ሰፊው ነገር ነው፤ የወንዞቹ መገናኛ፣ የአውራ ጎዳናው ቀለበት፣ በሊኪንግ ካውንቲ ከ2022 ጀምሮ እየተገነባ ያለው የኢንቴል ፋብሪካ።

የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ከላይ የሚያሳይ ፎቶ አይተው ይህን ሙያ የወደዱ ወጣቶች ምን ካሜራ ልግዛ ይሉኛል። ካሜራው ይቆይ። በረራውን ከሚሸጥላችሁ ድርጅት ሄዳችሁ በቆመች ሄሊኮፕተር ውስጥ ተቀመጡ፤ እሰሩኝ በሉ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ጓንት እንዳደረጋችሁ፣ በአንድ እጅ ፍቱት። ካልተፈታላችሁ፣ ወይም ለመሞከር ጊዜ የለንም ካሏችሁ፣ ከዚያች ሄሊኮፕተር ውረዱ።