«ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው» የሚለው ስህተት ነው

የገለጻ አቀራረብ አሠልጣኝ ነኝ። ሰሞኑን ከመርካቶ ነጋዴዎች አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል፦ «ለብድር ባንክ ቀርቤ ሥራዬን ላስረዳ ነው። ከንግግር ውስጥ ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው ይባላል፤ እጄንና ድምፄን እንዴት ላድርግ?»

ቁጥሩ የተወሰደው ከሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን የ1967 (እ.ኤ.አ.) ጥናቶች ነው። የተጠናው ነጠላ ቃል፣ የድምፅ ቃናና የፊት ገጽታ ሲጋጩ አድማጭ የተናጋሪውን ስሜት ከየትኛው እንደሚገምት ነው። ተመራማሪው ራሳቸው ቀመሩ ከስሜትና ከአመለካከት ውጭ እንደማይሠራ ተናግረዋል። ስለዚህ የምትናገሩት ነገር ዋጋ አለው።

እኔ የምመክረው ይህን ነው፦

1. አሳዩ። ሸማ ተራ ጨርቁ ጥጥ መሆኑን ማስረዳት የሚፈልግ ሰው ክር መዝዞ ይለኩሳል፤ ጥጥ ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል። ባንክም ስትቀርቡ ናሙናችሁንና የሽያጭ መዝገባችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

2. አትሸምድዱ። ሦስት ዋና ነጥብ ያዙ፤ አንድ ቃል ቢጠፋችሁ ሐሳቡ አይጠፋችሁም።

3. በሱቃችሁ ቋንቋ ተናገሩ። «ዕቃው በሁለት ወር ተሸጦ ያልቃል» ማለት ከተውሶ የእንግሊዝኛ ቃል ይበልጥ ያሳምናል።

4. መልሱን ካላወቃችሁ «አጣርቼ አሳውቃለሁ» በሉ፤ ከዚያም አሳውቁ።

ራስን ሆኖ መናገር ያለ ዝግጅት መቅረብ አይደለም። ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፤ ሥራችሁን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

በቅርቡ ገለጻ ያለባችሁ፣ የሚያስጨንቃችሁን ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።