ስለ ሽቦ መረብ ማጓጓዣ ቀበቶ አሠራርና ጥቅም

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፥ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉባት ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በዙሪያዋ ያለው ባላገር ግን ማሽላውን፥ ማሾውንና በርበሬውን አስጥቶ በፀሐይ ያደርቃል። ያልታሰበ ዝናም የመጣ እንደ ሆነ ምርቱ ይርሳል፤ እርጥበት ያለበት ምርትም ተከማችቶ ሲቈይ ይሻግታል፤ አንዳንዱም ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ስለዚህ ምርትን በመኪና ስለ ማድረቅ የሚመክሩ ሹማምንትና ባለእርሻዎች የሽቦ መረብ ማጓጓዣ ቀበቶን ጠባይ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ይህ ቀበቶ ሁለቱ ጫፎቹ ተጋጥመው፥ በመንኰራኵር ኀይል እየተሳበ ሳያቋርጥ የሚዞር የብረት መረብ ነው። ሲሠራ ሽቦው እንደ ሐረግ እየተጠመዘዘ ይዘጋጃል፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የተጠመዘዙት እየተፈራረቁ ይደረደሩና አግዳሚ ዘንግ በመካከላቸው ገብቶ ያያይዛቸዋል። የሚፈራረቁትም ቀበቶው ወደ አንድ ወገን እንዳይሳብ ነው። አንዱ ሽቦ ቢበጠስ ዘንጉን መዝዞ እርሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ስለዚህ ከመኪናው ጋራ ትርፍ ሽቦና ዘንግ አብሮ መግዛት ይገባል።

ከላስቲክ ቀበቶ የሚለይበት ዋና ነገር አየር፥ ውሃና ሙቀት በቀዳዳው ማለፋቸው፥ ደግሞም ላስቲክ የማይችለውን ግለት መቻሉ ነው። ስለዚህም ብስኩት በምድጃ ውስጥ ለማሳለፍ፥ አትክልት ለማጠብና ለማድረቅ፥ የብረት ዕቃም በእሳት ለማጠንከር ያገለግላል።

ብረቱም እንደ ሥራው ይመረጣል። ተራ ብረት ውሃ ሲነካው ይዝጋል፤ በዚንክ የተለበጠው ዝገትን ይከላከላል፥ ነገር ግን ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ለጋለ ምድጃ አይሆንም። ለምግብ የሚሻለው ክሮሚየም የተጨመረበት የማይዝግ ብረት ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ከሁሉ በላይ የቀዳዳው ስፋት ይታይ። ለበርበሬ የሚስማማው መረብ ጤፍን አይዝም፤ የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁሉም በቀዳዳው ይፈሳል። ስለዚህ ማኅበርተኞች ገንዘብ አዋጥተው መኪና ከመግዛታቸው በፊት፥ የወረዳው ሹም የአገሩን ምርት ናሙና አስይዞ በመረቡ ላይ እንዲፈተን ያድርግ። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ለባላገሩ ጸጸት እንጂ ጥቅም አያመጣለትም።