በሕፃን ጫንቃ ላይ የተጫነ አደራ

ሰው በልጅነቱ ያየውን ነገር በጐልማሳነቱ ተመልሶ ቢመለከተው፥ ነገሩ ያው ሲሆን የሚያስፈራው ግን ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። እኔም ይህን ያወቅሁት «የአዳኙ ሌሊት» የሚባለውን የአሜሪካ ሲኒማ በቅርቡ ደግሜ ባየሁት ጊዜ ነው።

ይህ ሲኒማ ፈረንሳዮች «ፊልም ኗር» ማለት ጥቁር ፊልም ብለው ከሚጠሩት፥ ጨለማና ጥላ ከበዛበት የወንጀል ታሪክ ወገን ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ተዋናይ ቻርልስ ላውተን ነው። በወጣበት ጊዜ ገበያ አላገኘም፤ ላውተንም ሌላ ሲኒማ ሳያዘጋጅ በ1962 ሞተ። ዛሬ ግን ሥራው ከታላላቆቹ ይቈጠራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በችግር ዘመን ቤን ሃርፐር የሚባል አባት ሰው ገድሎ 10,000 ዶላር ይዘርፋል። ፖሊሶች ሊይዙት ሲደርሱ ገንዘቡን በትንሺቱ ልጁ በፐርል አሻንጉሊት ውስጥ ሸሽጎ፥ ወንድሟ ጆን ምስጢሩን ለማንም እንዳይናገር፥ እኅቱንም እንዲጠብቅ ያስምለዋል። አባትየው በስቅላት ከተቀጣ በኋላ፥ በወህኒ ቤት አብሮት የነበረው ሃሪ ፓወል ሰባኪ ነኝ እያለ ይመጣና እናቲቱን ያገባል፤ ኋላም ይገድላታል። ልጆቹም በጀልባ በኦሃዮ ወንዝ ይሸሻሉ። በአማርኛችን አዳኝ የሚለው ቃል ከማደንም ከማዳንም ይወጣልና፥ ስሙ ለዚህ ሰው የተገባ ነው፤ እንደሚያድን እረኛ ገብቶ እንደሚያድን አውሬ ሆነ።

በልጅነቴ ያስፈራኝ በጣቶቹ ላይ «ፍቅር» እና «ጥላቻ» ብሎ የተነቀሰው ይህ ሰው፥ በሌሊትም በፈረስ ሲሄድ ከሩቅ የሚታየው ጥላው ነበር። ዛሬ ግን ልቤን ያስጨነቀው የአባትየው ነገር ነው። የዘረፈው ልጆቼ እንዳይራቡ ብሎ ነው። ነገር ግን አደራ በሰማይ፥ አደራ በምድር ብሎ ለታላቅ ሰው የሚከብደውን ነገር በሕፃን ላይ ጫነው። በመጨረሻ ፖሊሶች ፓወልን መሬት ላይ ጥለው ሲያስሩት፥ ጆን አባቱ የተያዘበት ቀን ታውሶት ሆዱን ይዞ ይጮኻል፤ ሮጦም በአሻንጉሊቱ እየመታው ገንዘቡን ይበትንበታል፤ ሸክሙ በዝቶበት ነበርና። የሚያሳድደውን ጠላት እንኳ ከአባቱ መለየት አቃተው።

ልጆቹን የተቀበለቻቸው ራሔል ኩፐር የምትባል አሮጊት ግን፥ ጠመንጃዋን ይዛ ሌሊቱን ራሷ ትጠብቃለች እንጂ ጥበቃውን በልጅ ላይ አትጥልም።

አባቶችና እናቶች ሆይ፥ በየቤታችን የዕዳንና የክርክርን፥ የዘመድንም ጠብ ነገር «ለእናትህ እንዳትነግር፥ ለአባትሽ እንዳትናገሪ» እያልን በልጆቻችን ላይ የምንጥል ብዙዎች ነንና፥ ይህን ልጅ ልናስበው ይገባናል። አደራውን ሊሸከም የሚችለው ጫንቃ የእኛ ነው፤ የእነርሱ ገና አልጸናም።