«ደላላ እንዳይደውል»

ኮተቤ ውስጥ አንድ የግቢ በር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፦ «የሚሸጥ ቤት፣ 175 ካሬ፣ ካርታ ያለው። ደላላ እንዳይደውል።» ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ሰው ደወለላቸው። አሥራ አንዱ ደላላ ነበሩ፤ ሁሉም «ለራሴ ነው የምገዛው» ብለዋል።

ታሪኩን የምታወራው የቤት ሽያጭ ውል በማዘጋጀት የምትተዳደር አንዲት የአዲስ አበባ ጠበቃ ናት። መምህሩ ቢሮዋ የመጡት «ውል ጻፊልኝ» ብለው ነው። ስሌታቸው ቀላል ነበር። ደላላ ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ይጠይቃል፤ ቤቱ 12 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ 240 ሺህ ብር ማለት ነው። «ይህን ያህል ብቻ ስጡኝ በሉ፣ ከዚያ በላይ የመጣው የኔ» የሚል ደላላ ሲገጥም ደግሞ ሻጩ ቤቱ በስንት እንደተሸጠ እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። መምህሩ ይህን ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ያላሰቡት ነገር ግን ቤት ማሳየት ሥራ መሆኑን ነው። ሦስተኛው ገዢ ሳሎን ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና «እርጥበት አለው» አለ። መምህሩ ያን ግድግዳ በ1980ዎቹ በገዛ እጃቸው የለሰኑት ነው። ሰውየው የተቀዳለትን ቡና እንኳ ሳይጨርስ ተሸኘ። ደላላ ቢሆን ስቆ «እሱማ ከዋጋው ይነሣላችኋል» ብሎ ያልፈው ነበር። ጠበቃዋ ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቿ የምትሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ቤቱን ብዙም የማይወድ ዘመድ ያሳየው።

ካርታው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ነገሩ ከበደ። የባልና የሚስት ስም አለበት፤ ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ ቤት የሚሸጠው ባልና ሚስት ሲስማሙ ነው። አንዳቸው ከሞቱ ደግሞ ድርሻው የወራሾች ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የካርታው ስም መዛወር፣ ከዚያ የሁለት ልጆች ፈቃድ።

አንደኛው ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ዋሽንግተን ከሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ላከ፤ ወረቀቱ ግን «ንብረቴን ያስተዳድሩልኝ» ብቻ ይላል። እንዲህ ያለ ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ሊሸጡልኝ፣ ሊፈርሙልኝ» የሚሉት ቃላት እንዲገቡበት ወረቀቱ እንደገና ባሕር ተሻገረ።

በዚህ መሐል አንድ ልበ ቀና ገዢ 500 ሺህ ብር ቀብድ ይዞ መጣ። መምህሩ እጃቸውን ሊዘረጉ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አለች ጠበቃዋ። ለዚህ ሽያጭ ውል ተጽፎ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ ሻጭ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ አንቀጽ 1885 ድርብ አድርጎ እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ 500 ሺሁ አንድ ሚሊዮን ይሆናል ማለት ነው። የሜሪላንዱ ልጅ ድንገት «አልሸጥም» ቢልስ? ቀብዱ ወደ ገዢው ኪስ ተመለሰ። ገዢው ግን አልሄደም፤ ቤቱን ወዶታል፣ እርጥበቱንም ጭምር።

የፊርማው ቀን አጭር ነበር። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ሕጉ ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብም ያዛል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ቀሪ ዕዳና እገዳ እንደሌለ አስቀድሞ ተጣርቷል። ስም ማዛወሪያውንና የቴምብር ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ይህን መስመር የሚረሱ ሰዎች በኋላ ክፍለ ከተማ በር ላይ ሲጣሉ ይታያሉ። ገዢው ለክፍያ ያመጣውን ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ደግሞ ጠበቃዋ ካወጣው ባንክ ሳታረጋግጥ ማንንም አላስፈረመችም።

ከማስታወቂያው እስከ ፊርማው ሰባት ወር ፈጅቷል። ደላላ ቢኖርም የወራሽነቱን ወረቀት አያፋጥነውም ነበር ትላለች ጠበቃዋ (ጠበቃ ናትና እንዲህ ማለቷ አያስገርምም)። ካርታው በአንድ ሰው ስም የሆነና ያላገባ ሻጭ ቢመጣ ግን ያለ ደላላም ያለ ብዙ ጭንቀትም እንዲሸጥ ትመክረዋለች።

ወረቀቱ ከበሩ ከተነሣ ቆይቷል። ደላሎቹ ግን አሁንም መምህሩ ጋ ይደውላሉ፤ ሌላ የሚሸጥ ቤት እንዳላቸው ለመጠየቅ።