«ግባ» ከተጫነ በኋላ

አፕ ላይ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ሞልተን «ግባ» ስንል መልሱ እስኪመጣ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ሥራ የሚበዛበት ስልኩ ሳይሆን ሰርቨሩ ነው። በደንብ የተሠራ ሰርቨር የደንበኛውን የይለፍ ቃል አያስቀምጥም፤ ግን ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል።

አፑ የተሞላውን ጠቅልሎ «ፖስት» በሚባለው ዘዴ ይልካል። በ«ጌት» ቢልከው የይለፍ ቃሉ አድራሻው ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ አድራሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። መንገዱ ኤችቲቲፒኤስ የሚባለው የተመሰጠረ ግንኙነት መሆን እንዳለበት ዛሬ ብዙ አያከራክርም። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2015፣ አንድሮይድ ከ2018 ወዲህ ባወጧቸው ሥርዓቶች፣ ገንቢው ሆን ብሎ ካልፈቀደ በቀር ያልተመሰጠረ ግንኙነት ይዘጋሉ።

ምስጠራው ግን የተበላሸ መረጃ አያቃናም። እኛ ዘንድ የብዙ አፕ መግቢያ ስልክ ቁጥር ነው። በቆየው የፎርም አላላክ ደንብ የመደመር ምልክት ባዶ ቦታን ይወክላል። ስለዚህ አንዱ +251 ብሎ ሲጽፍ፣ አፑ ምልክቱን በኮዱ ካልተካው ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው ከፊቱ ባዶ ቦታ ያለው 251 ነው። ሌላው በ09 ይጀምራል፣ ሌላው ዜሮዋን ይተዋታል። ሰርቨሩ ሁሉንም ወደ አንድ መልክ ሳያመጣ ፍለጋ ከገባ ደንበኛውን አያገኘውም፤ ምስኪኑ ደግሞ የይለፍ ቃሉን የረሳ መስሎት ደጋግሞ ይሞክራል። ጄሶን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ መላክ የመደመሩን ጣጣ ያስቀራል፣ የ09ን ግን አያስቀርም። አፑ አስቀድሞ ቢፈትሽስ? ይፈትሽ፤ ለደንበኛው ይመቻል። ሰርቨሩ ግን በዚያ ፍተሻ ሊተማመን አይችልም፤ አፑን ጨርሶ ሳይከፍት ጥያቄውን በእጁ ጽፎ የሚልክ ሰው አይጠፋም።

አሁን የይለፍ ቃሉ። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ የዩኒክስን መፍትሔ ገልጸዋል፦ ቃሉን ወደኋላ ወደማይመለስ ኮድ፣ ወደ ሃሽ፣ መለወጥ፤ ከመለወጡ በፊት ደግሞ «ጨው» የሚባል የዘፈቀደ ቁጥር መቀላቀል። ጨው ከሌለ 123456 የሚጠቀሙ ሰዎች ሁሉ ሃሻቸው አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የአንዱ ሲሰበር የሁሉም ተሰበረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው ቢክሪፕት የተባለው የሃሽ ዘዴ ሥራውን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፦ መለኪያው በ1 ከፍ ባለ ቁጥር ድካሙ በእጥፍ ይጨምራል። መዘግየቷ ለአንድ ደንበኛ ኢምንት ናት፤ በሚሊዮን ለሚገምት ሌባ ግን አትገፋም።

ቢክሪፕት ለእኛ ፊደል አንድ ወጥመድ አለው። የሚያነበው 72 ባይት ብቻ ነው፤ የግዕዝ ሆሄ ደግሞ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ያለ ክፍተት የተጻፈ የአማርኛ የይለፍ ቃል 24ኛው ሆሄ ላይ ያበቃል። የተረፈውን ብዙ አሠራሮች ዝም ብለው ይቆርጡታል፤ መጨረሻው ላይ የተሳሳተ ሰውም በሰላም ይገባል።

የገባው ቃል ሃሽ ሆኖ ከተቀመጠው ጋር ከተመሳከረ በኋላ መልስ ይላካል። ቁጥሩም ይሳሳት ቃሉ፣ መልሱ አንድ መሆን አለበት፦ «ቁጥሩ ወይም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም»። አለዚያ ሌባው ማን ደንበኛ እንደሆነ በነጻ ይማራል። ከገባ በኋላ ስልኩ የሚይዘው ቶክን የሚባል የማለፊያ ኮድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የይለፍ ቃሉን በየጥያቄው መላክ ቀረ። ስልኩ ቢጠፋም የሚሰረዘው ቶክኑ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ አንድ የኮድ መስመር ሊያበላሸው ይችላል። ገንቢው ስህተት ሲፈልግ የመጣውን ጥያቄ እንዳለ ሎግ በሚባለው የሰርቨሩ መዝገብ ላይ ያሳትምና ሳያጠፋው ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ትዊተር ለደንበኞቹ ሁሉ የይለፍ ቃላቸውን እንዲቀይሩ የመከረው ከዚህ ብዙም ባልራቀ ምክንያት ነበር፦ ቃሎቹ ሃሽ ከመሆናቸው በፊት የውስጥ ሎግ ላይ በግልጽ ይጻፉ ነበር። ሃሽ ማድረጊያው ቢክሪፕት ነበር፣ ምንም አልጎደለበትም። የመግቢያ ኮድ አይተህ አስተካክል ስባል እኔም መጀመሪያ የምከፍተው የሎጉን ፋይል ነው።