ከቤቱ በፊት ካባው፣ ከካባው በፊት ፕላኑ

ጎንደር የድንጋይ ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሯት ግንቡ የታነፀው ከአካባቢው በወጣ ጥቁር ድንጋይና በኖራ ነው። ዛሬም የከተማዋ ግንባታ ከድንጋይ፣ ከጠጠርና ከገረጋንቲ አልተላቀቀም። እንዲያውም ፍላጎቱ ጨምሯል። ከከተማዋ ወደ ደምቢያ ሜዳ በተወረደ ቁጥር የሚያጋጥመው ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ቤት ወይም መንገድ የሚሠራ ሰው አፈሩን ጠርጎ በገረጋንቲ መተካት ግድ ይሆንበታል። ኮብልስቶኑ፣ የኮሪደር ልማቱ፣ በማኅበር ተደራጅቶ የሚሠራው ቤት ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? ገረጋንቲ በራሱ ውድ ነገር አይደለም፤ የሚያስወድደው ጉዞው ነው። ስለዚህ ኤክስካቫተሩ ሁልጊዜ የሚሄደው ለከተማው ወደሚቀርበው ኮረብታ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በከተማው ዳር ያለው ኮረብታ ከአሥር ዓመት በኋላ የመኖሪያ ሰፈር የሚሆነው ኮረብታ ነው። በጎንደር ብቻ ሳይሆን በደባርቅና በሌሎቹ የሰሜን ደጋ ከተሞችም ሜዳው ጠባብ፣ ተዳፋቱ ብዙ በመሆኑ ካባውና ቤቱ የሚሻሙት አንድን መሬት ነው።

ብዙ ሰው መልሱ ሁለት ብቻ ይመስለዋል፤ ወይ መቆፈሩን መከልከል፣ ወይ መሬቱን ለካባ ትቶ ቤቱን ሌላ ቦታ መሥራት። በእኔ እምነት ሁለቱም አያዋጡም። ከከለከልን ቁሳቁሱ ከሩቅ ይመጣል፣ ዋጋውም በቤት ሠሪው ላይ ይወድቃል። ጥሩ ገረጋንቲ ላይ ቤት ከተሠራበት በኋላ ደግሞ ማዕድኑ ለዘለቄታው ጠፋ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር የፕላን መመሪያ ለዚህ ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ማዕድን ባለበት መሬት ላይ ቤት መሥራት የግድ ከሆነ፣ የሚቻል ሲሆን ማዕድኑ አስቀድሞ ይውጣ ይላል። በኬንት ግዛት ኤብስፍሊት በተባለው ቦታ ለሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ሲወጣባቸው የኖሩ ጉድጓዶች ዛሬ ሰፈር እየሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የራሱ የልማት ኮርፖሬሽን ተቋቁሞለታል፤ እስከ 15,000 ቤት እንዲይዝም ታቅዷል።

ወደ እኛ አገር ሕግ እንመለስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ባለቤቱ አንድ ቢሆንም የመጠቀም መብቱ ግን ለየብቻ ይሰጣል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ቦታ የወሰደ ሰው በቦታው ይጠቀማል እንጂ ከሥሩ ያለውን ገረጋንቲ አውጥቶ የመሸጥ መብት አልተሰጠውም። እሱ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የኮንስትራክሽን ማዕድናትን ፈቃድ በአመዛኙ የሚሰጠውም ክልሉ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በበኩሉ መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲዘጋጅ ያዛል።

እንግዲህ አንዱ መሥሪያ ቤት ጉድጓዱን ይፈቅዳል፣ ሌላው ቤቱን ያቅዳል። በሕግ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው የመሬት ክርክሮች ብዙዎቹ የተነሱት አንዱ መሥሪያ ቤት የሰጠውን ሌላው ሳያውቅ በመቅረቱ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሄክታር መሬት 4 ሜትር ወደ ታች ቢቆፈር 40,000 ሜትር ኩብ ይወጣዋል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 2,500 ምልልስ ነው፤ የተቆፈረ አፈር ስለሚላላ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አሁን ያው ቦታ ለቤት ማኅበር ተሰጠ እንበል። ጉድጓዱን ለመሙላት ያንኑ ያህል ምልልስ ያስፈልጋል። ያውም ዝም ብሎ መገልበጥ አይደለም፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ንጣፍ እየተዘረጋ፣ ውኃ እየጠጣ በሮለር ካልተጠቀጠቀ ቤቱ ሲሰምጥ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

በአንጻሩ ኮረብታው የሚቆፈረው ቤቱ የሚያርፍበት ከፍታ አስቀድሞ ተወስኖ ቢሆንስ? ከላይ ወደ ታች በእርከን ይነሳል፣ ተጎራባች መንገዱ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የሚሞላም ነገር አይኖርም። የካባው ወለል ራሱ የሰፈሩ መሬት ይሆናል። ከተማው ገረጋንቲውንም የተስተካከለ ቦታውንም አገኘ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመቆፈሩ በፊት የተሠራ አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ውኃውም አይዘነጋ። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። መውጫ የሌለው ጉድጓድ ኩሬ ይሆናል፤ ሕፃንም ከብትም ይበላል። መውጫ ያለው ግን ያልተገራ ካባ ደግሞ አፈሩን ወደ ወንዝ ይሰዳል። ለከተማዋ መጠጥ ውኃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላት የታወቀ ጉዳይ ነው። በተፋሰሱ ውስጥ ክፍት የተተወ ካባ በዚያ ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ለወደፊት መኖሪያ በተከለለ መሬት ላይ የካባ ፈቃድ ሲጠየቅ የከተማው ፕላን ጽሕፈት ቤት የመጨረሻውን ከፍታና የጎርፍ መውጫ የሚያሳይ ንድፍ ይስጥ፤ ንድፉም የፈቃዱ አካል ይሁን። ሁለተኛ፣ ቁፋሮው የሚያበቃበት ቀን መሬቱ ለቤት ከሚሰጥበት ቀን ይቅደም። ሦስተኛ፣ የማዕድን አዋጁ ባለፈቃዱ ለመሬቱ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ይህ ገንዘብ በወረቀት ላይ ቃል ከመሆን አልፎ ከየጭነቱ እየተቆረጠ በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ። ካባ በብዛት የሚሰጠው ለተደራጁ ወጣቶች በመሆኑ በአንድ ጊዜ ክፈሉ ቢባሉ አይችሉም፤ በየጭነቱ ግን ይችላሉ። አራተኛ፣ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ ለሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች ፈቃድ ሰጪው አስቀድሞ የአካባቢውን መሥሪያ ቤት ይሁንታ ማረጋገጥ አለበት፤ ይህን እንደ ፎርማሊቲ አንየው።

ይህ ሁሉ ሥራ ያበዛል የሚል አይጠፋም። ካልተሠራ ግን ዕዳው የማን እንደሚሆን እናስብ። ገበሬው ካሣውን ተቀብሎ ሄዷል። ቆፋሪው ሸጦ ወጥቷል። ፈቃድ የሰጠው ኃላፊም ተቀይሯል። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የሚቀረው ለዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የወጣለት መምህር ወይም ነርስ ነው፤ ከቤቱ መሠረት በፊት የሌላ ሰው ጉድጓድ መሙላት ይጠበቅበታል። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ሥራ አስተጓጉሏል፤ ሰላም ሲሰፍን የተጓተተው ግንባታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገረጋንቲ መጠየቁ አይቀርም። ንድፉ መዘጋጀት ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።