የቤዝ መስመሩ የማን ነው?

«ማይ ገርል» ሲጀምር ዘፋኙ ገና አፉን አልከፈተም። ቀድሞ የሚሰማው ቤዝ ጊታር ነው፤ ጥቂት ኖታ፣ አጭር ፋታ፣ ያው ኖታ እንደገና። ከዚያ ጊታሩ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የሚወጣውን ዝነኛ ሐረጉን ይዞ ይገባል፤ ዴቪድ ራፊን መዝፈን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቴምፕቴሽንስ ይህን ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1964 ዲትሮይት ውስጥ ቀረጹት። የአንዱንም አባል ስም የማያውቅ ሰው እንኳ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ዘፈኑን ይለየዋል። በደራሲነት የተመዘገቡት ስሞኪ ሮቢንሰንና ሮናልድ ኋይት ናቸው። ቤዙን የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰንና ጊታሩን የተጫወተው ሮበርት ኋይት ግን የስቱዲዮ ክፍያቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ዘፈን አለፉ።

ቤዝ ይዘው ያረጁ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው የሚጀምረው ከዕቃ ነው፤ የየትኛው ዓመት ጊታር፣ ምን ዓይነት ክር፣ የትኛው አምፕሊፋየር። ጨዋታው እየሞቀ ሲሄድ ግን ወደ አንድ ጥያቄ ይደርሳል። ያ የተጫወትኩት መስመር የእኔ ድርሰት ነበር ወይስ የዕለት ሥራዬ? ሙዚቃውን ለሚያውቅ ሰው መልሱ ግልጽ ይመስላል። ገንዘቡ የሚከፋፈልበት ሥርዓት ግን ሌላ መልስ ይሰጣል፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከመሣሪያው መነሳት ያስፈልጋል።

ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ ሰው ነው፤ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጆች በቀር፣ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ፕሪሲዥን ቤዝ» ብሎ ያወጣው መሣሪያ የሰዎችን ችግር ሰምቶ የሠራው ነው። እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዘው ቆሞ የሚጫወቱት ትልቁ ደብል ቤዝ ነበር። በመኪና ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ሲበረቱ ይዋጣል፤ ፍሬት ስለሌለው ጣት በትንሹ ከሳተ ኖታው ይበላሻል። ፌንደር እንደ ጊታር አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚያዝ፣ ፍሬት ያለው፣ አምፕሊፋየር ላይ የሚሰካ ዕቃ ሰጣቸው። አራቱ ክሮች ከጊታር አራት ወፍራም ክሮች አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ይቃኛሉ፤ የመጨረሻው ወፍራም ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል።

ይህ አዲስ ዕቃ መምህር አልነበረውም፤ የትምህርት ቤት ሥርዓትም ሆነ አባቶች ያወረሱት አያያዝ አልነበረውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ከሌላ መሣሪያ የመጡ ናቸው፤ የመጡበትንም ድምፅ ይዘው መጡ። ካሮል ኬይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የታወቀች ጊታሪስት ነበረች። በ1963 አንድ ቤዝ ተጫዋች ከቀረጻ በመቅረቱ ቤዙን አንስታ ተጫወተች፤ ከዚያ በኋላ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ሊለቋት አልቻሉም። እንደ ጊታሪስት በፒክ ትመታ ስለነበር ድምጿ ጥርት ያለና ጠርዝ ያለው ነው። ጄመርሰን ደግሞ የጃዝ ደብል ቤዝ ተጫዋች ነበር። ወፍራሙን ክር በአንድ ጣት መሳብ ለምዶ ስለነበር ኤሌክትሪክ ቤዙንም በቀኝ ሌባ ጣቱ ብቻ ተጫወተበት። የ1962 ፕሪሲዥን ነበረችው፤ ወፍራምና ልሙጥ ክሮች አስሮባት እስካልተበጠሱ ድረስ አይቀይራቸውም። ክሮቹ ከፍሬቱ በጣም የራቁ ስለነበሩ ሌላ ሰው ቢይዛት ጣቱ ይደክም ነበር።

የድሮ ፌንደር ገበያን አይቶ የማያውቅ ሰው ድምፁ ከዕቃው ይልቅ ከተጫዋቹ መምጣቱ ለምን እንደሚያሳስበኝ ላይገባው ይችላል። በ1965 መጀመሪያ ሲቢኤስ ኩባንያውን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት የተሠሩትን ቤዞች እንደ ቅርስ ይሻሟቸዋል፤ ዋጋቸውም ደመወዝተኛ ሙዚቀኛ የማይደርስበት ሆኗል። ጥሩ እንጨትና ጥሩ ፒክአፕ ልዩነት እንደሚያመጡ አልክድም። ሆኖም በ1960ዎቹ እንደዚያች ዓይነት ቤዝ የያዙ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ እንደ ጄመርሰን የተሰማ ግን አልነበረም። ያቺ ቤዝ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተሰረቀች፤ እስካሁንም አልተገኘችም። እሷ ጠፍታም ወጣቶች አጨዋወቱን ከቀረጻዎቹ እየሰሙ ማጥናታቸውን አላቋረጡም።

ጄመርሰን ያመጣው ለውጥ ምን ነበር? ከእሱ በፊት በነበረው የፖፕ ሙዚቃ ቤዝ በአብዛኛው የኮርዱን መሠረት ኖታና አምስተኛውን እየተቀያየረ በምቱ ላይ ያስቀምጣል። ጄመርሰን በኮርዶቹ መካከል መሸጋገሪያ ኖታዎች አስገባ፤ ከምቱ ቀደም ወይም ዘግየት እያለ ገባ፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ሞላ፣ ሲዘፍን ቦታ ለቀቀ። በ1967 የወጣውን የፎር ቶፕስን «በርናዴት» ድምፃዊውን ትቶ ቤዙን ብቻ የተከተለ ሰው ሌላ ሙሉ ዜማ ያገኛል። የእነዚህ ዘፈኖች አሳታሚ የነበረው የሞታውን ኩባንያ ስቱዲዮ፣ ሙዚቀኞቹ «የእባብ ጉድጓድ» ይሉት የነበረ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው የኮርድ ወረቀትና ጥቂት ማሳሰቢያ ነበር፤ የቀረውን እዚያው ይፈጥሩታል። ፈንክ ብራዘርስ በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ሰዎች ማታ ማታ በዲትሮይት ክበቦች ጃዝ ይጫወቱ ስለነበር ቀን ዘፈኑ ላይ የሚያፈሱት ሐሳብ ሞልቷቸው ነበር።

ሆኖም ለዓመታት ስማቸው በሸክላው ልባስ ላይ አልታተመም። የጄመርሰን ስም በዋና የሞታውን አልበም ላይ ከምስጋና ጋር የወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ጄመርሰንም ተከትሎ ሄደ፤ እዚያ ግን የዲትሮይቱን ቦታ አላገኘም። በነሐሴ 1983 በ47 ዓመቱ አረፈ። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ያስገባው በ2000 ነው። ስለ ፈንክ ብራዘርስ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም የወጣው ደግሞ በ2002 ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ኩባንያ ስስት ማስረዳት ቀላል ነበር፤ ግን ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ሥሩ «ዘፈን» ተብሎ የሚመዘገበው ነገር ምንነት ላይ ነው። በተቀረጸ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ንብረቶች አሉ፤ አንዱ ድርሰቱ ነው፣ ሌላው ቀረጻው። ድርሰት ተብሎ የቆየው ግጥምና ዜማው ነው፤ ምክንያቱም የሙዚቃ አሳታሚነት ንግድ የተደራጀው ሸክላ ሳይኖር፣ ዘፈን በወረቀት ታትሞ ፒያኖ ላላቸው ቤተሰቦች በሚሸጥበት ዘመን ነው። በወረቀቱ ላይ ሰው የሚገዛው ቃሉንና ዜማውን ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ማንም እንደ ችሎታው ይሞላዋል። በኋላ ሰው ወረቀት መግዛት ትቶ ድምፁን ራሱን መግዛት ጀመረ። የሚሸጠው ዕቃ ተለወጠ፤ ባለቤትነት የሚለካበት ልማድ ግን እዚያው ቀረ። የቤዙ መስመር በሸክላ ዘመን የዘፈኑ መታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ በመዝገቡ ላይ ግን አሁንም «ቅንብር» ተብሎ ይታለፋል። ቀረጻው ደግሞ ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያ ንብረት ነው። በሁለቱም መካከል ተጫዋቹ የሚቀረው በቀን ወይም በዘፈን የሚከፈለው ሆኖ ነው።

በዚህ ረገድ የኸርቢ ፍላወርስን ያህል የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም። በ1972 ለንደን ውስጥ ለሉ ሪድ «ዎክ ኦን ዘ ዋይልድ ሳይድ» ሲቀረጽ ፍላወርስ መጀመሪያ በደብል ቤዝ፣ ከዚያ በላዩ ላይ በኤሌክትሪክ ቤዝ ከፍ ያለ ሁለተኛ መስመር ተጫወተ። ያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ድምፅ ነው ዘፈኑን የሚከፍተው። ሁለት መሣሪያ ስለተጫወተ እጥፍ ተከፈለው፤ እጥፉም 17 ፓውንድ ነበር። በ1990 ራፐሮቹ ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት ያንኑ መክፈቻ ቆርጠው «ካን አይ ኪክ ኢት» ሲሠሩ ገንዘቡ የሄደው ለሉ ሪድ ነው። ፍላወርስ ታሪኩን ሲያወራ ምሬት አይታይበትም ነበር፤ የእሱ ዘመን የስቱዲዮ ሰዎች ሠርተው መሄድን እንደ ክብር ያዩት ነበር። ያንን ክብር እረዳለሁ። አንድ ሰው አለማማረሩ ግን ክፍፍሉን ትክክል አያደርገውም።

ከእሱ ጎን በርናርድ ኤድዋርድስን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሺክ ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ኤድዋርድስ በ1979 የወጣውን «ጉድ ታይምስ» ከናይል ሮጀርስ ጋር በደራሲነት አስመዝግቦታል። በዚያው ዓመት ሹገርሂል ጋንግ የቤዙን መስመር ተመርኩዘው «ራፐርስ ዲላይት»ን ሲያወጡ ሁለቱ ተከራከሩ፤ ስማቸውም በአዲሱ ዘፈን ደራሲነት ገባ። የኤድዋርድስ መስመር ከፍላወርስ ወይም ከጄመርሰን ስለሚበልጥ አይደለም። እሱ ቤዙን የተጫወተው ስሙ በድርሰቱ ላይ ባለበት ዘፈን ነው፤ እነሱ ደግሞ በሌላ ሰው ዘፈን ላይ።

ፍርድ ቤት ልማዱን የነቀነቀበት አጋጣሚም አለ። ባለጉዳዩ ቤዝ ሳይሆን ኦርጋን ተጫዋች ነው። ማቲው ፊሸር በ1967 የወጣውን የፕሮኮል ሃረምን «ኤ ዋይተር ሼድ ኦቭ ፔል» የሚከፍተውን የኦርጋን ዜማ የፈጠረው እሱ መሆኑን ጠቅሶ እንግሊዝ ውስጥ ከሰሰ። በ2006 ዳኛው ከሙዚቃው የባለቤትነት መብት 40 በመቶው የእሱ ነው አሉ፤ ብዙ ውጣ ውረድ ካለፈ በኋላ የሎርዶች ምክር ቤት በ2009 ድርሻውን አጸናለት። ወደ አርባ ዓመት ገደማ ዘግይቶ መምጣቱም መብቱን አላስቀረበትም። ለቤዝ ተጫዋቾች ትልቁ ነገር መርሁ ነው፤ ተጫዋች ስቱዲዮ ውስጥ ያዋጣው መስመር ለዘፈኑ ዋና አካል ከሆነ ድርሰት ሊባል ይችላል። ይህን ለማስረዳት ግን ጠበቃ፣ ማስረጃና ዕድሜ ያስፈልጋል።

ከቀረጻው ወገን ያለው ገቢም እንዲሁ ጠባብ ነው። አሜሪካ ውስጥ መደበኛ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት ለድርሰቱ ባለቤት ይከፍላል፤ ለዘፋኙም ለተጫዋቹም አይከፍልም። በ1995 የወጣው ሕግ ለሳተላይትና ለኢንተርኔት ሬዲዮ ሌላ መንገድ ከፈተ። ከክፍያው 50 በመቶው ለቀረጻው ባለቤት፣ 45 በመቶው ለዋናው አርቲስት፣ 5 በመቶው ደግሞ ለአጃቢዎች ይሄዳል፤ ከዚያም ግማሹ የአጃቢ ድምፃውያን፣ ግማሹ የሙዚቀኞች ነው። ትንሽ ቢሆንም አጃቢን በሕግ የሚያውቅ ክፍያ ነው። ከየካቲት 1972 በፊት የተቀረጹ ሥራዎች ግን በፌዴራል ሕግ ወደዚህ ሥርዓት የገቡት በ2018 ነው። የጄመርሰን ምርጥ ሥራዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ቀን በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ሕጉ ሲደርስ እሱ ከሞተ 35 ዓመት ሆኖት ነበር። አድማጭ ራሱ መርጦ የሚያዳምጥባቸው መተግበሪያዎች ደግሞ በዚህ ክፍፍል አይገዙም፤ እዚያ አጃቢ የሚያገኘው ውሉ ላይ የተጻፈለትን ብቻ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲያወጣ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ ቤዝ ተጫዋቹና መሪው ጆቫኒ ሪኮ ነው። ያ ሥራ በ1986 ብራስልስ ላይ ዳግም ታትሞ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለብዙ ፈረንጅ ጆሮ አስተዋወቀ። የባንዱ ቤዝና ድራም ባይኖር የማሕሙድ ድምፅ በዚያ መልክ አይሽከረከርም ነበር። ዋልያስ ባንድ በ1977 ባወጣው «ቼ በለው» ላይም የመላኩ ገብሬ ቤዝ አለ፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የሚያውቅ ሰው ቤዙን ሳያንጎራጉር ዘፈኑን ማስታወስ ይከብደዋል። በካሴት ዘመን ባንዱ ለአልበሙ ቁርጥ ዋጋ ይከፈለዋል፤ ካሴቱ ምን ያህል እንደተሸጠ ከእሱ ጋር አይያያዝም። በኋላ በየምሽት ክበቡና በየሠርጉ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቤዙን በግራ እጁ ሲይዘው ብዙ ቤዚስቶች ሥራ አጡ። የሚገዛው ድካም ብቻ ነው ተብሎ ከተያዘ በርካሽ የሚሠራው መመረጡ አይቀርም።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኞች ተዛማጅ መብት አላቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር የሚሰበሰብበት መንገድ ተጠናክሯል። ከዚህ ገንዘብ ለቤዝ ተጫዋቹ ለመስጠት ግን መጀመሪያ በየትኛው ዘፈን ላይ ማን እንደተጫወተ መታወቅ አለበት። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ቀረጻዎች በውጭ አገር እንደገና እየታተሙ ነው፤ ከተጫዋቾቹም በሕይወት ያሉ አሉ። ዳግም ኅትመቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ፎቶና የትዝታ ጽሑፍ ከመሰብሰብ አልፈው እያንዳንዱን ዘፈን አብረዋቸው እያዳመጡ ይጠይቋቸው፤ ቤዙን የያዘው ማን ነበር፣ መስመሩን አቀናባሪው ጽፎ ሰጠው ወይስ እሱ ራሱ አመጣው፣ ያኔ ምን ተከፈለው፣ የፈረመበት ወረቀትስ አለ?